ሚክሰሩን ከመቀየርዎ በፊት የሚገባበትን ውሃ ያስተካክሉ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ በረንዳ ላይ ባለ 500 ሊትር ሮቶ አለኝ፤ ከእሱ በትንሽ ፓምፕ ወደ ቤት ይገፋል። የወጥ ቤት ሚክሰሬን (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያደባልቀውን ቧንቧ) በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ ሁሉም ትንሽ ቆይተው መንጠባጠብ ይጀምራሉ። ሻወሩ አቅም የለውም፣ የሽንት ቤቱ ፍላሽ ሌሊቱን ሙሉ ይንሿሿል፣ መታጠቢያ ቤቱም አንዳንዴ ይሸታል። ቧንቧ ሠራተኛው ‹የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው› ይለኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ጥሩ ሚክሰርና የሻወር ዕቃ ልላክልሽ ብላኛለች። ልቀበላት ወይስ እዚሁ ውድ የሚባለውን ልግዛ?»

ምላሽ፦ የእህትዎን አይቀበሉ፤ እዚህም ውዱን አሁን አይግዙ። ሦስት ሚክሰር ተራ በተራ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተበላሸ አራተኛውም እንደዚያው ይሆናል። ችግሩ ያለው ውሃው ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ገንዘብዎም መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ውሃ ሲቋረጥ የመንገዱ ቧንቧ ይጎድላል፣ አየርም ይገባበታል። የተሰነጠቀ ወይም የላላ መጋጠሚያ ካለ በዙሪያው ያለው ጭቃማ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ፈረቃው ሲደርስ ውሃው የሚመለሰው በኃይል ነው፤ በአሮጌ ብረት ቧንቧ ላይ የተለጠፈውን ዝገትና ሥር የተኛውን ደለል ጠራርጎ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሮቶዎ ውስጥ ይገባና ከታች ይዘቅጣል። ሮቶው ሲጎድል፣ ወይም አዲስ ውሃ ሲወርድበት ዝቃጩ ይነሳል፤ ፓምፑም ስቦ ወደ ቤት ይልከዋል።

ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ውስጥ ካርትሪጅ የሚባል ክፍል አለ። ውስጡ ሁለት የሴራሚክ ዝርግ ክቦች ተገጣጥመው ይንሸራተታሉ፤ ውሃውን የሚዘጋው የክቦቹ ልስላሴ ነው፣ በመካከላቸው ጎማ የለም። ሴራሚክ ጠንካራ ስለሆነ ንጹሕ ውሃ ካገኘ ለዓመታት ይሠራል። አሸዋም ግን ጠንካራ ነው። አንዲት ቅንጣት በመካከላቸው ከገባች ክቦቹ በደንብ አይገጥሙም፣ እጀታውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ይፋጫሉ፣ ከሥር ያሉት የጎማ ቀለበቶችም ይቆረጣሉ። መንጠባጠቡ የሚጀምረው ያኔ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ እጀታውን ይበልጥ አጥብቆ ይጫናል። ይህ ለድሮው ባለ ጎማ ቧንቧ ይሠራ ነበር፤ ሴራሚክ ላይ ግን የካርትሪጁን አንገት ከመስበር በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። የተበላሸው ካርትሪጁ ብቻ ከሆነ ሙሉ ሚክሰር መቀየር አያስፈልግም ነበር። እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን አንስቶ፣ ብሎኑን ፈትቶ፣ ካርትሪጁን አውጥቶ በአዲስ መተካት የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከሙሉ ዕቃው እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ በኋላ ሠራተኛ ሲጠሩ መጀመሪያ «ካርትሪጁ ይቀየራል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

«የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው» የሚለውም ምንም አያስረዳም። ዛሬ የአውሮፓ ስም ያለበት ብዙ ዕቃ ቻይና ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያው አገር ጠንካራውም ደካማውም ይመጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው የተሠራበት ብረት፣ የካርትሪጁ ጥራትና መለዋወጫው መገኘቱ ነው።

ስለዚህ ከውሃው ይጀምሩ። ወደ ሮቶው በሚገባው መስመር ላይ የሽቦ ወንፊት ያለው ዋይ ስትሬነር ያስገጥሙ፤ ይህ ሻካራውን አሸዋና የዝገት ቅርፊት ያስቀራል። ከፓምፑ በኋላ ደግሞ ታጥቦ የሚመለስ ደቃቅ ወንፊት ያለው የደለል ፊልተር ይግጠሙ። ደቃቁን ፊልተር ከፓምፑ በፊት አያስገቡት፤ ሲደፈን ፓምፑ ውሃ አጥቶ በደረቁ ይሽከረከራል፣ ይቃጠላልም። በፊልተሩ ግራና ቀኝ መዝጊያ ቫልቭ ይኑር፤ አለበለዚያ ለማጠብ ሙሉ መስመሩን ማራገፍ ሊኖርብዎ ነው፣ እንዲህ የሚያስቸግር ፊልተር ደግሞ ማንም አያጥበውም። ለመጠጥ የሚሸጠው ባለ ከሰል ፊልተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በደለል ቶሎ ይደፈናል። መጀመሪያ ላይ ወንፊቱን በየሳምንቱ ከፍተው ይዩት፤ ምን ያህል ቆሻሻ እንደያዘ ሲያዩ የራስዎን ጊዜ ያውቁታል። ሮቶውን በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አራግፈው ያጥቡት። ፈረቃው ሲጀምር የደፈረሰውን ውሃ በባልዲ ተቀብለው ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ያውሉት፤ ሲጠራ ወደ ሮቶው ይልቀቁት።

ሮቶው በረንዳ ላይ መሆኑ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። 500 ሊትር ውሃ 500 ኪሎ ነው። ከበረንዳው ጫፍ አርቀው ከሕንፃው ግድግዳ ጋር ያስጠጉት፣ መቆሚያውም ክብደቱን የሚያከፋፍል ሰፊ ይሁን። መሐንዲስ ሳያይልዎ ሁለተኛ ሮቶ እንዳይጨምሩ።

ከዚህ ጋር የሚረሳው ቼክ ቫልቭ ነው፤ ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ ነው። የመንገዱ መስመርና የሮቶው መስመር ቤት ውስጥ ከተገናኙና ቼክ ቫልቭ ከሌለ፣ ፈረቃው ሲቋረጥ የሮቶው ውሃ ወደ ባዶው መስመር ተመልሶ ይፈሳል። ሳይጠቀሙበት ሮቶው የሚጎድልባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ፓምፕን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይደረግም። ቧንቧው ውስጥ መሳብ ስለሚፈጥር ከየስንጥቁ ፍሳሽ ሊያስገባ ይችላል፤ እርስዎም ጎረቤትዎም ያንን ነው የምትጠጡት።

ወደ እህትዎ ስጦታ ልምጣ። የአሜሪካ ዕቃ ጥራቱ አያጠያይቅም ብንል እንኳ ከእኛ ቧንቧ ጋር አይገጥምም። እኛ አገር የሚሠራበት የቧንቧ ክር የእንግሊዙ መለኪያ ነው፣ የአሜሪካው ሌላ ነው። በግማሽ ኢንች ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ጥቂት ዙር ይገባሉ፣ የገጠሙም ይመስላል። የጥርሱ ማዕዘን ግን አንዱ 55፣ ሌላው 60 ዲግሪ ነው። ሠራተኛው ክሩ ላይ ማሸጊያ ቴፍሎን ጠቅልሎ ያስገድደዋል፤ ዕለቱን ላያንጠባጥብ ይችላል፣ ውሎ አድሮ ግን ያፈሳል። የሚክሰሩ ማገናኛ ቱቦዎችም ጫፋቸው ከእኛ አንግል ቫልቭ (ከየዕቃው ሥር ካለው ትንሽ መዝጊያ) ጋር አይገናኝም። የሽንት ቤት መቀመጫም ቢሆን የአሜሪካው ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ከግድግዳ 12 ኢንች ርቆ ወለል ላይ እንዲወርድ የተሠራ ነው፤ የእርስዎ ፍሳሽ ያለው ሌላ ቦታ ከሆነ ወለል ማፍረስ ሊመጣ ነው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ደግሞ እነሱ ጋ 120፣ እኛ ጋ 220 ቮልት ነው። ከሁሉ በላይ ካርትሪጁ ሲያልቅ መርካቶ ውስጥ መለዋወጫ አያገኙለትም፤ ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው። እህትዎ መርዳት ከፈለገች ለፊልተሩና ለቫልቮቹ ብታግዝዎ ይሻላል።

ሚክሰር ሲመርጡ የክሮሙ ማብረቅረቅ አያታልልዎ። ገልብጠው ከሥር ያልተለበጠውን ክፍል ይዩ። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ግራጫማ ነጭ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው። የዚንኩ ቅይጥ በጊዜ ብዛት ልባጡ ያብጣል፣ ክሩ ላይም በቀላሉ ይሰበራል። ክብደትም ይረዳል፣ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ሻጩን «የዚህን ካርትሪጅ መለዋወጫ አሳየኝ» ይበሉት። 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ ካርትሪጅ ከሆነ ሌላ ሱቅም ይገኛል። ሻጩ ማሳየት ካልቻለ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ይለፉት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈ ታዋቂ ስም ማስረጃ አይሆንዎትም፤ አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል።

ወጥ ቤትዎ የሙቅ ውሃ መስመር ከሌለው ሚክሰር የሚባል ነገር ጭራሽ አያስፈልግዎትም። ጠንካራ ባለ ናስ፣ በጎማ የሚዘጋ ቀላል የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ለፈረቃ ውሃ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። አሸዋ ጎማውን ሊበላው ይችላል፣ ጎማው ግን በትንሽ ብር ይቀየራል። ተስቦ የሚወጣ ቱቦ ያለው ዘመናዊ የወጥ ቤት ሚክሰር ለእርስዎ ቤት አልመክርም፤ ቱቦውም አፉም ጠባብ ስለሆነ ደለል ቶሎ ይይዘዋል።

ሲንክ የሚገዙ ከሆነ በማግኔት ተፈትኖ «ኦርጂናል ነው» መባሉን አይመኑ። ርካሹ 201 የሚባለው ስቴንለስ ብረትም እንደ ተሻለው 304 ማግኔት እምብዛም አይስብም፣ ዝገትን በመቋቋም ግን ያንሳል። ውፍረቱን ይጠይቁ፤ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው በድስት ክብደት አይጎብጥም።

የሻወሩ ድካም ብዙ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ይፈትሹት። የሻወሩን ራስ ፈትተው በቱቦው ብቻ ባልዲ ይሙሉ። ባለ 10 ሊትር ባልዲ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከሞላ ውሃዎ በቂ ነው፤ የተደፈነው ራሱ ነው። ሳይሞላ ከቆየ ችግሩ ወደ ኋላ ነው፦ በግማሽ የተከፈተ አንግል ቫልቭ፣ የተደፈነ ወንፊት፣ ወይም የደከመ ፓምፕ። ቀዝቃዛው ደህና ሆኖ ሙቁ ብቻ ከደከመ ቦይለሩን ይመርምሩ። ሮቶው ከሻወሩ ከፍ ስላለ ብቻ ግፊት ይበቃል ማለት አይደለም፤ አንድ ባር ግፊት ለማግኘት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። ሁለት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.2 ባር ብቻ ነው፣ አብዛኛው ዘመናዊ ሚክሰር ደግሞ የተሠራው ከ1 እስከ 3 ባር ላለ ግፊት ነው። ስለዚህ ያለ ፓምፕ ሰፊውን የዝናብ ሻወር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በፓምፕም ቢሆን ትንሹ የእጅ ሻወር የተሻለ ይሠራል።

የተደፈነውን ራስና ሚክሰሩ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት በወር አንዴ ፈትተው ያጥቡ። ቡናማ አሸዋ ካገኙ በውሃና በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ነጭ ቅርፊት ከሆነ ኖራ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፍዝፉት። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ኖራው አነስተኛ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከዚያ ይበልጣል። ድሬዳዋና መቀሌ ያሉ አንባቢዎች ግን ኖራን ዋና ጠላታቸው አድርገው ይያዙት፤ ቦይለር ቶሎ የሚጨርስባቸው እሱ ነው። ክሮሙን በሽቦ መፈግፈጊያም ሆነ በጠንካራ አሲድ አይንኩት፤ ልባጡ አንዴ ከተነሳ አይመለስም።

ሌሊት የሚንሿሿው ፍላሽ ከሁሉ በፊት ሊጠገን የሚገባው ነው። ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ ሌሊት ብድግ እያለ ከተነሳ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። በአሥር ደቂቃ አንድ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ የምትሞላ ቀጭን ፍሳሽ በቀን 36 ሊትር ትወስዳለች፤ በሁለት ሳምንት ሮቶዎን ሙሉ ጨረሰች ማለት ነው። ለማረጋገጥ ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉና ግማሽ ሰዓት ሳይነኩት ይቆዩ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ከታች የሚዘጋው ጎማ አልቋል ወይም ደለል ይዞታል፤ ጠርገው ይሞክሩት፣ ካልሆነ ይቀይሩት። ውሃው በመካከለኛው ትርፍ መውጫ ቱቦ አናት ላይ እየፈሰሰ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማስገቢያው ተንሳፋፊ ነው፤ ውሃው ከቱቦው አናት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ዝቅ ያድርጉት። ውሃ ለመቆጠብ ብለው ታንኩ ውስጥ ጡብ ያስቀመጡ ካሉ ያውጡት፤ ጡቡ እየፈረፈረ ያንኑ ጎማ ያበላሻል።

ሽታውን በተመለከተ፣ በእያንዳንዱ መውረጃ ሥር ሲፎን የሚባል የታጠፈ ቱቦ መኖር አለበት። በማጠፊያው ውስጥ የሚቀረው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ የፍሳሹን አየር ያግዳል። ወለል ላይ ያለው መውረጃ ብዙ ጊዜ ውሃ ስለማይገባበት ይደርቃል፤ በሳምንት አንዴ አንድ ጆግ ውሃ ያፍሱበት፣ ረጅም ጊዜ ቤቱን ለቀው ከሄዱ ደግሞ ከውሃው በኋላ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ፣ ትነቱን ያዘገየዋል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ቱቦ ካለ ቀጥ ብሎ እንዳልተዘረጋ ይዩ፤ ካልታጠፈ ውሃ አይዝም። ላይኛው ጎረቤት ውሃ ሲለቅ የእርስዎ መውረጃ የሚንቆረቆር ከሆነ ግን የሕንፃው የጋራ ቋሚ ቱቦ አየር አጥቶ ነው፤ ይህን ብቻዎን ሊያስተካክሉት አይችሉም፣ ለነዋሪዎቹ ማኅበር ያቅርቡት።

ወጥ ቤት ውስጥ የቡና አተላ፣ ቅቤና የሊጥ እጣቢ ወደ መውረጃው እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ቅቤው ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አተላውና ሊጡ በላዩ ይጋገራል። ከተዘጋ መጀመሪያ ሲፎኑን ከሥሩ ባልዲ አድርገው ፈትተው ያጽዱት። በረኪናን ከማንኛውም አሲድ ያለው ማጽጃ ጋር፣ ኮምጣጤን ጨምሮ፣ በፍጹም አያዋህዱ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ቦይለር ካለዎት ሁለት ነገር አይርሱ። ከፈረቃ መቋረጥ በኋላ ሙቁን ቧንቧ ከፍተው ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ሳያዩ አያብሩት፤ ባዶውን ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ከሥሩ ያለው የደኅንነት ቫልቭ ውሃ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤናማ ነው፤ «ያንጠባጥባል» ብሎ በቡሽ የሚደፍን ሠራተኛ ከገጠመዎት ወዲያው ያስቁሙት፣ ግፊቱ መውጫ ካጣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። የኧርዝ ሽቦ መኖሩንም በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጡ፤ ይህ በቧንቧ ሠራተኛ ግምት የሚተው አይደለም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ፍላሹን ይጠግኑ፣ ቼክ ቫልቭና ሁለቱን ፊልተሮች ያስገጥሙ፣ ሮቶውን ያጥቡ። በየዕቃው ሥር አንግል ቫልቭ ከሌለ ያስገቡ፤ ቤቱን በሙሉ ሳይዘጉ አንዱን መጠገን የሚቻለው ያኔ ነው። ከዚያ አሁን ያለው ሚክሰር ናስ ከሆነ ካርትሪጁን ብቻ ይቀይሩ። ዚንክ ከሆነ መለዋወጫ ያለው መካከለኛ ዋጋ ያለው የናስ ሚክሰር ይግዙ። የማገናኛ ተጣጣፊ ቱቦዎቹን ግን በርካሽ አይግዙ፣ ሽፋናቸውም ስቴንለስ ሽቦ ይሁን፤ የሚፈነዳ ቱቦ የሚያጥለቀልቀው የታችኛውን ጎረቤት ነው። በዚሁ ምክንያት ከቤት ሲወጡ ዋናውን ቫልቭ ይዝጉ፤ ውሃ በሌለበት ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ ፈረቃው ሲደርስ ቤት ያጥለቀልቃል።

ሠራተኛው ሲጨርስ ከመክፈልዎ በፊት አብረው ይፈትሹ። ሚክሰሩ ከመገጠሙ አስቀድሞ መስመሩ በባልዲ ላይ ተከፍቶ እንዲታጠብ ያድርጉ፤ ሲቆረጥ የገባው የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ፍርፋሪና የቴፍሎን ቁራጭ አዲሱን ካርትሪጅ በመጀመሪያው ቀን ሊያበላሸው ይችላል። ጎማ ያለበት መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም፤ በቁልፍ ከመጠን በላይ ሲጠብቅም ጎማው ይቆረጣል። ከዚያ ፓምፑን አብርተው ሁሉንም ዝጉ፤ በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ሶፍቱ ከደረቀና ፓምፑ ካልተነሳ ክፍያውን ይስጡት።